ስኩባ (ጠልቆ መዋኘት)

ስኩባ ጠላቂው የታመቀ አየር በሲሊንደር ተሸክሞ፣ አፉ ላይ በሚይዘው ሬጉሌተር እየተነፈሰ ከውኃ በታች የሚቆይበት የዋና ዓይነት ነው። ቃሉ ከእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ በሰፊው ለሚሠራበት መሣሪያ መነሻ የሆነውን እ.ኤ.አ. በ1943 ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶ እና ኤሚል ጋኛን ሠርተውታል። በኢትዮጵያ ባለሙያው «ጠላቂ ዋናተኛ» ይባላል፤ ስሙ የሚሰማውም አብዛኛውን ጊዜ ሰው ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ ሰጥሞ ሲፈለግ ነው። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የሚሠሩት የከተማው የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂዎች ናቸው።

ስኩባና ኢሉባቦር

ኢሉባቦር ውኃ አልጎደለውም። የሶር ወንዝ ከመቱ ብዙም ሳይርቅ በጫካ መካከል 20 ሜትር ያህል ይወረወራል፤ ከዚያም ከገባ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ባሮ ያመራል። ይሁን እንጂ እነዚህ ወንዞች ለስኩባ አይሆኑም። ክረምት ላይ ደፍርሰው እጅን እንኳ አያሳዩም፤ ፏፏቴ ሥር ያለው አዙሪት ጎበዝ ዋናተኛንም ይዞ ያስቀራል፤ ባሮ ጋምቤላ ሲደርስ ደግሞ አዞ አለበት። የቢሾፍቱ ሐይቆችና ጣና የተረጉ ቢሆኑም ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ለባሕር የተዘጋጀው የጥልቀትና የሰዓት ሠንጠረዥ እንዳለ አይሠራባቸውም።

ባሕሩ ሩቅ ነው። ከኤርትራ ነጻነት (1985 ዓ.ም.) በኋላ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ቀድሞ የባሕር ኃይሏ ሠፈር የነበረችው ምጽዋና ከፊቷ ያሉት የዳህላክ ደሴቶች ከድንበር ማዶ ናቸው። ስለዚህ ከመቱ፣ ከጎሬ ወይም ከበደሌ ተነሥቶ ስኩባ መማር የሚፈልግ ሰው በምድር ጉዞ የሚደርስበት የተለመደው ባሕር የጅቡቲ ነው። ከመቱ አዲስ አበባ ብቻ 600 ኪ.ሜ. ያህል ነው፤ ከዚያ ጅቡቲ በባቡር ከ700 ኪ.ሜ. ይበልጣል።

ማዕከል ማግኘት

በጅቡቲ ጠላቂዎች የሚሄዱት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደሚገኙት የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች፣ እንዲሁም ኃይለኛ ሞገድ ወዳለበት ወደ ጉቤት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ከዓሦች ሁሉ የሚገዝፈውና ሰው የማይነካው ሻርክ በአርታ ዳርቻ ይታያል። እርሱን ለማየት ሲሊንደር አያስፈልግም፤ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ይበቃል።

ማዕከሉ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ሌላ አገር እንዲሠራ እንደ ፓዲ ወይም ሲማስ ያለ የታወቀ ድርጅት አባል መሆን አለበት። በፓዲ የመጀመሪያው ደረጃ እስከ 18 ሜትር ያስገባል፤ ተማሪው 200 ሜትር መዋኘትና ለ10 ደቂቃ ውኃ ላይ መንሳፈፍ መቻል ይኖርበታል። የአስተማሪው ቁጥር በድርጅቱ መዝገብ ይጣራል። ሲሊንደሩ የተፈተነበት ቀን ትከሻው ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ አየሩ ዘይት ዘይት የሚል ከሆነ አይተነፈስም። ጀልባው ላይ ኦክሲጅን መኖሩን፣ ጉዳት ቢደርስም ታካሚው ወዴት እንደሚወሰድ መጠየቅ ነውር አይደለም። ይህን ለመመለስ የሚያቅማማ ማዕከል ዋጋው ቢረክስም ይቅር።

ሁሉም ማዕከል የሚመስለውን አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ፣ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ አሩስ የሚባል የጠላቂዎች መዝናኛ ነበር። እውነተኛ ቱሪስቶች ያርፉበት ነበር፤ የሚያስተዳድሩት ግን የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሞሳድ ሰዎች ነበሩ። ሌሊት ሌሊት ከስደተኛ መጠለያዎች ቤተ እስራኤላውያንን በመኪና ወደ ባሕር እያደረሱ በመርከብ፣ ኋላም በአውሮፕላን ያሻግሩ ነበር። ጃዕፋር ኒሜሪ በ1977 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ማዕከሉ ባዶውን ቀረ።

ወደ ደጋ መመለስ

ለኢሉባቦር ሰው ከጥምቀቱ ይልቅ መመለሻው ያሰጋል። ጠላቂ 10 ሜትር በወረደ ቁጥር በሰውነቱ ላይ ያለው ግፊት በአንድ የከባቢ አየር መጠን ይጨምራል፤ በዚህም ናይትሮጅን ወደ ደሙና ወደ ሥጋው ይሟሟል። ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ፣ ለስላሳ መጠጥ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ ናይትሮጅኑ አረፋ ይሠራል። ከጠለቁ በኋላ ለመብረር ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ 18 ሰዓት መቆየት የሚመከረው ለዚህ ነው። ብዙዎች የማያስቡት ባቡሩን ነው። ከባሕር ጠለል የተነሣው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ የአየሩ ግፊት ከጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። መቱ በ1,600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብትልም መንገዱ በደጋው በኩል ያልፋል። ስለዚህ ዕረፍቱ የሚወሰደው እዚያው ጅቡቲ ከተማ እንጂ ድሬዳዋ አይደለም።

ሕመሙ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ መደንዘዝ፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ ድካም ሆኖ ይጀምራል፤ አንዳንዴም ከሰዓታት በኋላ ነው የሚታየው። የመንገድ ድካም ነው ተብሎ ጉዞው ከቀጠለ ከፍታው ያባብሰዋል። የመጀመሪያው ርዳታ ንጹሕ ኦክሲጅን ሲሆን፣ ሕክምናው ታካሚውን እንደገና ግፊት ውስጥ በሚያስገባ የብረት ክፍል ይሰጣል።