የሞተር ቅባት በምን ይለቃል?

በላሊበላ ከተማ እሑድ ከቀትር በኋላ በየሠፈሩ የሚዘዋወር ሰው፤ ባጃጁን ወይም ሞተር ብስክሌቱን ፈታትቶ ክፍሎቹን በጆንያ ላይ የደረደረ ወጣት ሳያይ አይመለስም። የወጣቱ እጅ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። ከጎኑ በውሀ ጠርሙስ የተቀዳ ቤንዚን አለ፤ ብሩሹን እየነከረ የጠቆረውን ብረት ያሻል። ጥቂት ራመድ ብሎ ደግሞ በዚያው ግቢ ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና ይፈላል። ነገሩ ብዙ ጊዜ በሰላም ያልቃል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንናገር ያሰብነው ግን ያ ቤንዚን ለምን ከዚያ ግቢ መውጣት እንዳለበትና በርካሽ ዋጋ በምን ሊተካ እንደሚችል ነው።

እርስዎ ምናልባት ከሁለት ባልንጀሮችዎ ጋር ዕቁብ ጥለው ያገለገለ ሞተር ብስክሌት የገዙ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ይሆናሉ። ወይም ወንድምዎ በሚነዳው ባጃጅ ገቢ የሚማሩ ተማሪ ይሆናሉ። በእኛ አገር መኪና አርጅቷል ተብሎ አይጣልም፤ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል እንጂ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፤ ያለውን ሞተር ጠብቆ መያዝ ይልቁንም አስፈላጊ ሆኗል። የላሊበላ ሰው መለዋወጫ ቢያጣ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ መላክ አለበት፤ እስኪመጣም ባጃጁ ቆሞ ይውላል። ስለዚህ አሮጌውን ክፍል አጥቦ፤ መርምሮ፤ ደኅና ከሆነ መልሶ መግጠም ቀላል የማይባል ቁጠባ ነው። ቅባት የለበሰ ብረት ደግሞ ቢሰነጠቅም አይታይም። ከዚህም ሌላ የላስታ የበጋ አቧራ ከግራሶ ጋር ሲለወስ እንደ ሞረድ ሆኖ ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ቤንዚን ቅባት ማስለቀቁን የሚክድ የለም። ፈጥኖ ያስለቅቃል፤ ፈጥኖም ይተናል፤ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ፍጥነቱ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል እንፋሎት ይሰጣል፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ውርጭም ቢሆን አያስታግሠውም። ይህ እንፋሎት ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንም፤ እንደ ውሀ መሬት ለመሬት ይሳባል። ከሰሉ ጥቂት ሜትር ርቆ ቢቀመጥ እንፋሎቱ ራሱ ሄዶ ያገኘዋል፤ እሳቱም በዚያው መንገድ ተመልሶ ወደ ሳፋው ይመጣል። ላምባ ወይም ነጭ ጋዝ የምንለው ግን እንዲህ ያለ እንፋሎት የሚሰጠው 38 ዲግሪ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ናፍጣ ደግሞ ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። በላሊበላ አየር፤ በጥላ ሥር፤ ሁለቱም ከዚህ አይደርሱም። ይህ ማለት አይነዱም ማለት አይደለም። ጨርቅ ከነከራቸው እንደ ኩራዝ ክር ይነዳሉና፤ ከእሳት መራቅ ለእነሱም ግዴታ ነው።

የቀድሞ ሜካኒኮች ከሥራ በኋላ እጃቸውን በቤንዚን ይታጠቡ ነበር። በዚያ ዘመን ቤንዚን ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት ይጨመርበት ነበር፤ በዓለም ላይ ለመኪና የሚሸጠው እንዲህ ያለ ቤንዚን ፈጽሞ የቀረውም በ2021 እ.ኤ.አ. አልጄሪያ መሸጥ ስታቆም ነው። እርሳሱ ቢቀርም ደምን የሚጎዱ ሌሎች ነገሮች አሉበት፤ በትንፋሽም በቆዳም ይገባሉ። ልማዱ ግን ከእርሳሱ ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል።

እንግዲህ በምን እንጠብ? ብዙ ሰው ከቤንዚን ሲርቅ ወደ ውሀና ሳሙና ይሄዳል፤ ግማሽ ባልዲ ውሀና አንድ ፓኮ ኦሞ ይጨርስና «ይህ ብረት አይነጻም» ብሎ ይተወዋል። የተሳሳተው በሳሙናው ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ነው። ቅባት የሚሟሟው በዘመዱ ነው፤ ውሀ ደግሞ ዘመዱ አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ የጠጠረውን ግራሶ በቀጭን ዘይት፤ ማለትም በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ፤ ማቅለል ያስፈልጋል። ሳሙና የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የሳሙና ቅንጣት አንዱ ጫፍ ዘይት ይወዳል፤ ሌላው ጫፍ ውሀ ይወዳል፤ ስለዚህ የቀለለውን ዘይት በትንንሽ ጠብታ እየከበበ ለውሀው ያስረክበዋል። የጠጠረውን ክምር ግን ብቻውን አይገፋም።

በተግባር ሲሆን እንዲህ ነው። ከሁሉ በፊት በደረቁ ይፋቁ። የተሰነጠቀ የቀርከሃ ቁራጭ ወይም ማንኛውም የእንጨት ስንጣቂ ይበቃል፤ ቢላ ግን አይንኩ፤ የሚገጣጠመውን የብረት ገጽ ይቧጭራልና ኋላ ዘይት ያፈሳል። በዚህ ብቻ አብዛኛው ቆሻሻ ይወርዳል፤ ወጪውም ምንም ነው። ከዚያ ክፍሉን ክዳን ባለው የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው ግማሽ ሊትር ያህል ናፍጣ ያፍሱበትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይቀቡት፤ ክዳኑን ገጥመው ከቤት ውጪ ያሳድሩት። በማግሥቱ ጠዋት ግራሶው እንደ ሞቀ ቅቤ ሆኖ ይወርዳል። ብረቱን በጨርቅ ይጥረጉ፤ በሙቅ ውሀና በሳሙና ያሹት፤ ያለቅልቁት፤ ፀሐይ ላይ ያድርቁት፤ ወዲያውም በስሱ ንጹሕ ዘይት ይቀቡት፤ ያለዚያ በአንድ ሌሊት ይዝጋል።

ናፍጣውን ግን አይድፉት! በመስታወት ማሰሮ አድርገው አንድ ሁለት ቀን ቢያስቀምጡት ጭቃው ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራውን ቀድተው እንደገና ይሠሩበታል። በዚህ ዓይነት ያው ግማሽ ሊትር ለብዙ ጊዜ ያገለግላል። ርካሽነቱ ከዋጋው ይልቅ ከዚህ መመላለሱ ነው።

ስለ ውሀ ማሞቅም አንድ ነገር እንበል። በባሕር ወለል ከፍታ ውሀ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ላሊበላ ግን 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፤ የአየሩ ግፊት በማነሱ ውሀ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከፈላ በኋላ ሰዓት ሙሉ ቢንተከተክ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ የሚቃጠለው ከሰሉ ነው። እንደፈላ አውርደው ይጠቀሙበት። ናፍጣ የነካውን ክፍል ግን በምንም ምክንያት እሳት ላይ አይጣዱት።

ሳሙናውስ? እዚህ ላይ ለእንዶድ ቦታ ልንሰጠው ይገባል። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ የሚያነጡበት እንዶድ ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚሰጥ ነገር አለው፤ ሥራውም እንደ ሳሙና ነው። የደረቀውን ፍሬ ወቅጠው በለብታ ውሀ ቢያሹት፤ በናፍጣ የቀለለውን ቅባት ደኅና አድርጎ ያነሣል፤ አሉሚኒየም ላይም እንደ ኮስቲክ ሶዳ አይጨክንም። የእንዶድን ኀይል ለዓለም ያስታወቀው ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ሲመረምር፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ፤ እነዚህ ቀንድ አውጣዎች በሽታውን የሚያስተላልፉ ናቸው። ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብሏል። ለእኛ ጉዳይ ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ማስጠንቀቂያም ነው፤ ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓሣም ይገድላል፤ ዱቄቱም ዐይንና አፍንጫ ያቃጥላል። እጣቢውን ወደ ወንዝ አይልቀቁት፤ ሲወቅጡም ፊትዎን በነጠላ ይሸፍኑ።

አንድ ተማሪ በኬሚስትሪ ሰዓት «አመድስ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ጥያቄው ጥሩ ነው። የእንጨት አመድ በውሀ ሲጠለል የሚወርደው የሚያሙለጨልጭ ውሀ ፖታሲየም ካርቦኔት አለው፤ በቅቤና በሞራ ላይ ቢያፈሉት ሳሙና ይሆናል። የወጥ ድስት በአመድ ሲታሽ የሚጠራው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። የሞተር ዘይት ግን ከከብት ወይም ከአዝርዕት የመጣ አይደለም፤ ከመሬት የወጣ የማዕድን ዘይት ነው፤ በአመድ ውሀ ወደ ሳሙና አይለወጥም። ስለዚህ አመድ ለሞተር የሚጠቅመው በደረቁ ነው። መሬት ላይ የፈሰሰ ዘይት ይመጣል፤ ያልተወለወለ ወፍራም ብረትንም ይፈትጋል። ኮስቲክ ሶዳን ግን በቤት ውስጥ አልመክርም። ዐይን ያጠፋል፤ ቆዳ ይልጣል፤ ካርቡራተርንና ሌሎች የአሉሚኒየም ክፍሎችን ይበላል፤ ሲበላም ሃይድሮጂን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ይወጣል። አንድ ብር ለመቆጠብ ካርቡራተር ማጥፋት ምን የሚሉት ሒሳብ ነው?

ካርቡራተር ከተነሣ አይቀር፤ የጎማና የወረቀት ክፍሎቹን አስቀድመው ያውጡ፤ ናፍጣና ነጭ ጋዝ ጎማን ያሳብጣሉና። ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች በሽቦ አይውጉ፤ ነሐሱ ተቧጭሮ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ሞተሩም ቤንዚን ጠጪ ይሆናል። በብስክሌት መንፊያ ቢነፉት ይበቃል። ኩሽኔታም በናፍጣ ታጥቦ፤ በደንብ ደርቆ፤ በአዲስ ግራሶ ይሞላል፤ በጋራዥ የአየር ግፊት እያሽከረከሩ ማድረቅ ግን ኳሶቹን እስከ መበተን ያደርሳል።

አሁን ወደ ፍሬን እንምጣ፤ እዚህ ላይ የተናገርነው ሁሉ ይገለበጣል። ከላሊበላ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወርድ ባጃጅ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ተሳፋሪዎቹንም የያዘው የፍሬኑ ሸራ ነው። ናፍጣና ነጭ ጋዝ ሲደርቁ ስስ ዘይት ትተው ይሄዳሉ፤ ለኩሽኔታ በረከት ነው፤ ለፍሬን ግን ጥፋት። ስለዚህ ሸራው የሚፋተግበትን የብረት ከበሮ በሳሙናና በውሀ ብቻ አጥበው ያድርቁ፤ በመጨረሻ ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ አልኮል ይጥረጉ። በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች ከንጹሕ የፍሬን ዘይት በቀር ምንም አያስነኳቸው፤ በናፍጣ ካበጡ ፍሬኑ ወይ ይነክሳል ወይ ይከዳል። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ አይታጠብም። አንዳንዱ በእሳት ለብልቦ መልሶ ይገጥመዋል፤ ለጊዜው ይይዝና ቁልቁለቱ ላይ ሲግል የቀረው ዘይት ከውስጡ ይወጣል። ይጣሉትና አዲስ ይግዙ፤ በዚህ ላይ ቁጠባ የለም። በአሮጌ መኪና የፍሬን ቤት ውስጥ ያለውን ጥቁር ዱቄትም በአፍ አይንፉት። የድሮ ሸራ ሳንባን የሚያጠፋ አስቤስቶስ የተባለ ነገር ሊኖርበት ይችላልና፤ በሳሙና ውሀ አርጥበው በጨርቅ ያንሡት።

እጅዎን በምን ይታጠባሉ? ዘይት በዘይት ነውና፤ ከመጥበሻ የተረፈ የምግብ ዘይት አንድ ማንኪያ ያሹበት፤ በጨርቅ ይጥረጉት፤ ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ። ጨርቁን ግን ጨምድደው ጥግ ላይ አይጣሉት። የኑግና የተልባ ዘይት በአየር ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ የተጨመደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ውጪ ዘርግተው ያድርቁት።

የቀረው ዝቃጩ ነው። በዝናም ጊዜ ከላሊበላ ግቢዎች የሚወርደው ጎርፍ ወደ ቦዩ፤ ከዚያም ወደ ወንዙ ይገባል፤ የላስታም ውሀ ተከዜን የሚሞላ ነው፤ በታች በኩል የሚጠጣው ሰውና ከብት ብዙ ነው። ዝቃጩን ክዳን ባለው ጀሪካን ያጠራቅሙና የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይስጡት። ጀሪካኑም ሆነ የናፍጣው ማሰሮ ላይ ስሙን በጉልህ ይጻፉበት፤ ሕፃን ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይስቀሉት፤ በውሀ ወይም በለስላሳ ጠርሙስም ከቶ አያስቀምጡት። ምናልባት ሕፃን ቢጠጣ፤ እንዲያስታውክ አያስገድዱት፤ ሲያስታውክ ወደ ሳንባው ይገባልና፤ ጠርሙሱን ይዘው ልጁን በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት።