ብድር ሲታደስ ዕዳው ይቀንሳል?

በአዴት ገበያም ሆነ በፍኖተ ሰላም ሻይ ቤቶች «ብድሬን አደስኩት» የሚል ሰው አይጠፋም። የአሮጌውን ብድር ቀሪ በአዲስ ብድር ዘግቶ የመክፈያ ጊዜውን እንደገና ጀምሯል ማለቱ ነው። ቡሬ ላይ ቤቱን አስይዞ የተበደረ ነጋዴም፣ ይልማና ዴንሳ ውስጥ የመሬት ደብተሩን ያስያዘ ገበሬም ሲያድሱ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እኔ አሠራሩን እወደዋለሁ። በቦታው ከዋለ የተያዘ ማሳ ያስመልሳል፣ የአራጣ አበዳሪን ከደጃፍ ያርቃል። የሚያሳዝነኝ አብዛኛው ሰው ወይ ያለ ልክ ሲፈራው ወይ ያለ ሒሳብ ሲዘልቅበት ማየቴ ነው።

ስለ ደብተሩ ጥቂት ልበል። በአማራ ክልል የመጀመሪያው የይዞታ ደብተር በ1990ዎቹ አጋማሽ መሰጠት ሲጀምር ማሳው የሚለካው በአብዛኛው በገመድ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ግን የእያንዳንዱን ማሳ ካርታና መለያ ቁጥር ይዞ ይመጣል። በጋራ ይዞታ የባልም የሚስትም ስም ይሰፍርበታል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የመሬት አዋጅ ቁጥር 252 ደግሞ በመሬት የመጠቀም መብትን አስይዞ ከሕጋዊ አበዳሪ መበደር እንዲቻል በር ከፈተ። ከዚያ በፊት ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ ከዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ለመበደር ብዙው ገበሬ የቡድን ዋስትና ያስፈልገው ነበር።

አንድ ጊዜ ከአዴት ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ አንዲት እናት ደብተራቸውን ከሣጥን አውጥተው አሳዩኝና «ልጄ፣ ይቺን ከሰጠሁ መሬቴን ሰጠሁ ማለት አይደል?» አሉኝ። አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ስለዚህ በመያዣነት የሚቀርበው የመጠቀም መብቱ ነው። ተበዳሪው መክፈል ካቃተው አበዳሪው ዕዳው እስኪመለስ ለተወሰነ ጊዜ በመሬቱ ሊጠቀም ወይም ሊያከራየው ይችላል፤ ባለይዞታው ግን ባለይዞታ ሆኖ ይቀጥላል። የከተማ ቤት ለባንክ ሲያዝ ነገሩ ይከብዳል፤ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ ሊሸጠው ይችላል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማስፈራራት ተገቢ አይደለም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ስህተት ልግባ። «አዲሱ ብድር ወለዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ብናድስ እንጠቀማለን» ይባላል። እስቲ እንቁጠረው። 60,000 ብር በ18 በመቶ ወለድ ለ3 ዓመት ተበደርን እንበል፤ በየዓመቱ ከዋናው 20,000 ብር ይመለሳል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ በመጀመሪያው ዓመት 10,800፣ በሁለተኛው 7,200፣ በሦስተኛው 3,600 ብር ነው። ትልቁ ወለድ መጀመሪያ ላይ፣ ትንሹ መጨረሻ ላይ። ሁለቱን ዓመት የከፈለ ሰው ከባዱን ዳገት ወጥቷል፤ የቀረው 20,000 ብር ዋና ዕዳና 3,600 ብር ወለድ ብቻ ነው።

ይህ ሰው በዚህ ሰዓት ቀሪውን 20,000 ብር በ15 በመቶ፣ እንደገና ለ3 ዓመት ቢያድሰው ምን ይሆናል? በየዓመቱ 3,000፣ 2,000 እና 1,000 ብር፣ በድምሩ 6,000 ብር ወለድ ይከፍላል። ወለዱ ከ18 ወደ 15 ወርዶ እንኳ 2,400 ብር ጨመረበት፤ የአገልግሎት ክፍያው ሳይቆጠር። እርግጥ የዚያ ዓመት ክፍያው ከ23,600 ወደ 9,667 ብር ግድም ወርዶለታል። ዝናብ ለከዳው ወይም በሬ ለሞተበት ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እኔም አድስ እለዋለሁ። ግን እፎይታውን በ2,400 ብር እንደገዛው ይወቀው። የዓመት ክፍያ መቅለሉን ዕዳው እንደቀነሰ አድርጎ ለጎረቤት የሚያወራ ሰው ጎረቤቱንም ያሳስታል።

ወለዱ በቀሪው ሳይሆን ሁልጊዜ በመነሻው 60,000 ብር ላይ የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ የ3 ዓመቱ ወለድ 21,600 መሆኑ ቀርቶ 32,400 ብር ይሆናል። መቶኛው ያው 18 ነው። ስለዚህ «ስንት በመቶ ነው?» ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ «በምኑ ላይ?» መባል አለበት። ይህን ሳያስረዱ ጣት የሚያስፈርሙ የብድር ሠራተኞችም ሊወቀሱ ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ድልድይ የሚሆነው ጊዜያዊ ብድር ነው። አዲሱ ብድር እንዲፈቀድ አሮጌው መዘጋት ስላለበት ብዙ ሰው መዝጊያውን ከአራጣ አበዳሪ ያመጣል። ለዚያው 20,000 ብር በወር 10 በመቶ ቢጠየቅ የአንድ ወሩ ብቻ 2,000 ብር ነው፤ አዲሱ ብድር ከዘገየ ሁለተኛ ወር ይታከልበታል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የግለሰብ ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ይከለክላል፣ አራጣም በወንጀል ያስቀጣል። ድልድዩ ግን በምስክር ፊት ስለማይጻፍ ከሳሽ አያገኝም። የሰርግ ወይም የተዝካር ወጪ ለመሸፈን ብሎ በዚህ ድልድይ የሚሻገረውን ሰው ዘመድ ሊያስቆመው ይገባል።

ታዲያ ማደስ የሚያዋጣው መቼ ነው? ገና በጠዋቱ፣ ከባዱ ወለድ ሳይከፈል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ማሳን ከወለድ አገድ ለማስለቀቅ። በወለድ አገድ አበዳሪው በወለድ ፋንታ ማሳውን ያርሳል፣ ዋናው ዕዳ ግን ስንዝር አይቀንስም። በ30,000 ብር የተያዘ ማሳ ቢከራይ በዓመት 12,000 ብር የሚያወጣ ከሆነ፣ በ3 ዓመት 36,000 ብር አምልጦ 30,000ው እንዳለ ይቀራል። ያንኑ 30,000 ብር በደብተር በ18 በመቶ ተበድሮ በቀሪ ዕዳ ስሌት በ3 ዓመት ለሚመልስ ሰው ወለዱ በጠቅላላ 10,800 ብር ነው፤ ማሳውም ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ በእጁ ነው።

መሬታችሁ በወለድ አገድ የተያዘባችሁ የይልማና ዴንሳና የጃቢ ጠህናን ገበሬዎች፣ ወራቱን ጠብቁ። አበዳሪው አንዴ ማሳውን አርሶ ከዘራበት በኋላ ሰብሉን ሳያነሳ አይለቅም፤ ስለዚህ ባልና ሚስት አብራችሁ ደብተራችሁን ይዛችሁ በበጋው ሂዱ። መክፈያውንም ጤፉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገበያ ወጥቶ ዋጋው በሚወድቅበት በጥር ሳይሆን ትንሽ ዘግየት አድርጋችሁ ተዋዋሉ። የእያንዳንዱን ዓመት ዋናና ወለድ ለየብቻ የሚያሳይ ወረቀት ካልተሰጣችሁ አትፈርሙ።