ቴምሩን ከፍታችሁ አሳዩን

ረመዷን ሲገባ የቴምር ማስታወቂያ ሁሉ አንድ ይሆናል። ፋኖስ፣ ጨረቃ፣ «ረመዷን ከሪም»፣ ከታች ስልክ ቁጥር። በቴሌግራም የሚደርሰንን የሱቁን ስም ብንሸፍነው የማን እንደሆነ አንለይም። ነጋዴዎቻችንን ስንጠይቃቸው «ቴምር ያው ቴምር ነው፤ ስለ እሱ ምን ይወራል?» ይሉናል። የሚሉት ሲያጡም ወይ ዋጋ ይሰብራሉ፣ ወይ ይምላሉ፣ ወይ ጥቁሩን ሁሉ «የመዲና ዓጅዋ» ብለው ይጠሩታል። እኛን የሚያሳስበን ይህ የመጨረሻው ነው። ምእመኑ ለዓጅዋ ጨምሮ የሚከፍለው በሐዲስ የተነገረለትን አስቦ ነውና፣ ስሙን ያለ ቦታው የለጠፈ ሰው የሚነግደው በሰው እምነት ነው።

ስለ ቴምር ግን የሚወራው ሞልቷል። ሱከሪ የሳዑዲዋ የቀሲም ነው፤ ወርቃማና በጣም ጣፋጭ። መጅሁል ከሞሮኮ የተነሣ ዘር ሲሆን ትልቅና ለስላሳ ስለሆነ ጥርስ ለከዳቸው አያቶች ይመቻል። ደግለት ኑር በአልጄሪያና በቱኒዚያ የታወቀ ነው፤ ደረቅ ይላል። በአገራችንም በአፋር፣ በአይሳኢታና በአፋምቦ፣ ቴምር ይበቅላል፤ ስንቱ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ያውቃል? የደረቀው ቴምር ለብ ባለ ውሃ ሲዘፈዘፍ እንደሚለሰልስ እናቶቻችን ያውቃሉ፤ እሱን የጻፈ ሱቅ ግን አላየንም።

አቡ ሁረይራ እንዳስተላለፉትና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ክምር እህል አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ከተው ውስጡን እርጥብ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብርም ከእሳቸው እንዳልሆነ ነገሩት። አቡ ዳውድ ደግሞ የቆየ ቴምር ሲቀርብላቸው እየመረመሩ ትሉን ያወጡ እንደነበር ዘግበዋል።

እንግዲህ አባት ሱቅ ይቀመጣል፣ ልጅ ስልኩን ይይዛል፤ የዘንድሮ ንግድ እንዲህ ነው። ልጆች ሆይ፣ ፋኖሱን ተዉትና ካሜራ ፊት ቴምሩን ከፍታችሁ ውስጡን አሳዩን። የአምና ከሆነ የአምና በሉት፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ አድርጉ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አገርና ቀን ፎቶ አንሥታችሁ ለጥፉ። (ከዐስር በኋላ ባትለጥፉት ግን እንመርጣለን፤ ጾመኛ ነን።) አባቶችም ልጁ «ይህ ዓጅዋ አይደለም» ብሎ ሲጽፍ አትቆጡት።