መጭመቂያው ምን ይሠራል? የወለል መወልወያ ባልዲ ሳይንስ

ንጽሕና የጤና መሠረት መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ንጽሕና የሚጠበቅባቸው መሣሪያዎች እንዴት እንደሚሠሩ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያና በመሥሪያ ቤት በየዕለቱ የምናየው የመወልወያ ባልዲ ከእነዚህ አንዱ ነው። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ባልዲውንና በላዩ የሚገጠመውን መጭመቂያ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ዓይን እንመለከታለን።

ከእበት ወለል ወደ ሊሾ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በአምበር፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ የነባሩ ቤት ወለል አፈር ነው። ይህ ወለል የሚጸዳው በውሃ በማጠብ ሳይሆን በመጥረግና በእበት በመለቅለቅ ነው። እበቱ ሲደርቅ አቧራውን አፍኖ ይይዛል፣ ስንጥቁንም ይደፍናል። ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ሊሾ ቆሻሻን አይውጥም፤ በላዩ ያረፈው ሁሉ በውሃ ተነሥቶ መወሰድ አለበት።

በዚህ ላይ የአካባቢው አፈር አለ። በምሥራቅ ጎጃም ብዙ ቦታ የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ በክረምት ከጫማ ጋር ተጣብቆ ወደ ክፍል ይገባል። የዋልካ ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከ2 ማይክሮሜትር ያንሳሉ። ስቶክስ የተባለው ሳይንቲስት ባስቀመጠው ሕግ ብናሰላ፣ 2 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ቅንጣት 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ወደ ታች ለመዝቀጥ 15 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የአሸዋ ቅንጣት ግን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል። በመሆኑም በባልዲው ግርጌ ወንፊት ማኖር ለአሸዋ ሲጠቅም ለዋልካ ብዙም አይፈይድም። የደፈረሰው ውሃ የጽዳቱ ሥራ እስኪያልቅ ድረስ እንደ ደፈረሰ ይቆያል።

ትንሽ ስሌት

መወልወያው በእያንዳንዱ ዙር ከወለሉ 20 ግራም ጭቃ ያነሣል እንበል። ባልዲው 10 ሊትር ውሃ ይዟል። ያልተጨመቀ መወልወያ ግማሽ ሊትር፣ በሚገባ የተጨመቀ ደግሞ አንድ አሥረኛ ሊትር ውሃ ይይዛል። ስሌቱን ለማቅለል ወደ ወለሉ ተመልሶ የሚሄደውን ጭቃ ከባልዲው አንቀንስ።

ከ10 ዙር በኋላ በባልዲው ውስጥ 200 ግራም ጭቃ ይኖራል፤ ማለትም በአንድ ሊትር 20 ግራም። ያልተጨመቀው መወልወያ ግማሽ ሊትር ውሃ ይዞ ሲወጣ 10 ግራም ጭቃ ወደ ወለሉ ይመልሳል። ካነሣው እኩሌታው ማለት ነው! ጽዳት የምንለው ሥራ በዚህ ጊዜ ጭቃውን በወለሉ ላይ አመጣጥኖ ከማዳረስ ብዙም አይለይም። በዚያው ባልዲ መወልወያው በሚገባ ቢጨመቅ የሚመለሰው 2 ግራም ብቻ ይሆናል።

አሁን ሁለተኛ ባልዲ እንጨምር። መወልወያው በመጀመሪያ በቆሻሻው ባልዲ ይለቀለቃል፣ ቀጥሎም በንጹሑ ባልዲ ይነከራል። በመካከል ካልተጨመቀ ግን ቆሻሻውን ውሃ እየተሸከመ ወደ ንጹሑ ያሻግራል። በ10 ዙር 55 ግራም ጭቃ ወደ ንጹሑ ባልዲ ይገባል፤ ወደ ወለሉም በዙር 2.7 ግራም ያህል ይመለሳል። ይህ አንድ ባልዲ ይዞ በሚገባ ከመጭመቅ እንኳ የባሰ ውጤት ነው። ሁለት ባልዲ ኖሮ ከእያንዳንዱ ነከራ በኋላ ከተጨመቀ ግን የሚመለሰው 0.1 ግራም ገደማ ነው። ከ10 ግራም ወደ 0.1 ግራም፣ አንድ መቶ እጥፍ ልዩነት!

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር፣ ንጽሕናን የሚወስነው የባልዲው ትልቅነት ወይም የሳሙናው ብዛት ብቻ አለመሆኑን ነው። ቆሻሻውን ውሃ ከንጹሑ የሚለየው ድንበር መጭመቂያው ነው። ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት አካባቢ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። 6 በ8 ሜትር በሆነ የመማሪያ ክፍል ወለል ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የውሃ ንጣፍ ቢቀር 4.8 ሊትር ውሃ ነው። በሚገባ የተጨመቀ መወልወያ ይህን በብዙ ይቀንሰዋል፤ ወለሉም ቶሎ ስለሚደርቅ ሰው አያንሸራትትም።

የሰው ጉልበትና ሁለት ፈጣሪዎች

ወለልን በጉልበት ተንበርክኮ በጨርቅ ማጠብ በዓለም ዙሪያ የብዙ ሴቶች ዕጣ ነበር። ሐኪሞች ከጉልበት ሎሚ ፊት ያለች ከረጢት ስታብጥ የሚታየውን ሕመም በልማድ «የቤት ሠራተኛ ጉልበት» ብለው እስከ መጥራት ደርሰዋል። በእጅ መጭመቅ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ቆሻሻውና ኬሚካሉ ቆዳን ይጎዳል፤ በጤና ተቋም ደግሞ በጨርቁ ውስጥ የተሰገሰገ መርፌ ወይም የጠርሙስ ስባሪ እጅን ሊወጋ ይችላል።

ቶማስ ስቱዋርት የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1893 በእጀታው ላይ ባለ መፈንቅል የሚጨመቅ መወልወያ ሠርቶ የፈጠራ መብት አግኝቷል። ስፔናዊው የአቪዬሽን መሐንዲስ ማኑዌል ሃሎን ደግሞ በአሜሪካ ቆይታው የአውሮፕላን ማቆያ አዳራሾች በመወልወያና መጭመቂያ ባለው ባልዲ ሲጸዱ ተመለከተ። ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1956 በዛራጎዛ ከተማ ለቤት የሚሆን መወልወያና ባልዲ ማምረት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ የብረት ባልዲዎች ጨርቁን በሁለት ተሽከርካሪ ዘንጎች መካከል የሚያሳልፉ ነበሩ፤ ቆይቶ ግን ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቅምብቢት መጭመቂያ ተተካ። ሃሎን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የሕክምና መርፌ ወደ ማምረት ተሻግሯል። አውሮፕላን የተማረ መሐንዲስ ስለ ባልዲ ማሰቡ ሙያውን ዝቅ አላደረገውም።

ሦስት ዓይነት መጭመቂያ

የመጀመሪያው የመፈንቅል መጭመቂያ ነው። እጀታው 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከመዞሪያው እስከ መጭመቂያው ሰሌዳ ያለው ርቀት 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ኃይላችን ስድስት እጥፍ ይሆናል። በ150 ኒውተን (15 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት) ስንጫን ጨርቁ በ900 ኒውተን ይጨመቃል። ይህ በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ ሲያርፍ 60 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት ከግማሽ የሚበልጥ ግፊት ይሰጣል።

ሁለተኛው ቅምብቢቱ ነው። ይህ ሽብልቅ የሚሠራበትን ሕግ ይከተላል። መወልወያው ወደ ታች ሲገፋ የቅምብቢቱ ግድግዳ በጎን ይጨምቀዋል። ግድግዳው ከቀጥታው መስመር 15 ዲግሪ ቢያዘነብልና ሰበቃውን ብናስብ፣ 150 ኒውተን ወደ 330 ኒውተን ገደማ ያድጋል። ከመፈንቅሉ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን እጀታውን በማጠማዘዝ ይታገዛል፣ የሚሰበር ተንቀሳቃሽ ክፍልም የለውም።

ሦስተኛው የሚሽከረከር ቅርጫት ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ቅርጫት በደቂቃ 600 ጊዜ ቢዞር፣ በዳርቻው ያለው ውሃ ከመሬት ስበት 40 እጥፍ በሚሆን ግፊት ወደ ውጭ ይወረወራል። ጨርቁን በደንብ ያደርቃል፤ ይሁን እንጂ ጥርሶቹና ፔዳሉ ሲያረጁ መለዋወጫ ይሻሉ። መለዋወጫ በማይገኝበት ቦታ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ባልዲው ለምን ይገለበጣል?

መጭመቂያ የሚነድፍ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህን ነው። ባልዲው ከነውሃው 12 ኪሎ ግራም፣ የግርጌው ስፋትም 30 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ክብደቱ ባልዲውን በቦታው የሚያቆይበት ሞመንት 118 ኒውተን በ0.15 ሜትር ሲባዛ 17.7 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። እጀታው ከባልዲው ጠርዝ 20 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ በ150 ኒውተን ወደ ታች ቢጫኑት ግን የመገልበጫው ሞመንት 30 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ባልዲው ይገለበጣል፤ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ይብስበታል። መፍትሔው ኃይሉ ከግርጌው ክልል ሳይወጣ እንዲያርፍ ማድረግ፣ ወይም በእጀታው በኩል ግርጌውን ማስፋት ነው። ቅምብቢቱ ቀጥታ ወደ ታች ስለሚጫን ከዚህ ችግር ነፃ ነው።

ክሎሪንና ቁሱ

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 የጤና ተቋማትን ንጹሕና ደኅንነታቸው የተጠበቀ ለማድረግ «ካሽ» የተባለውን ንቅናቄ ጀምሯል። በጤና ተቋማት በብዛት የሚሠራበት ፀረ ተሕዋስያን 0.5 ከመቶ የክሎሪን ውህድ ነው፤ 5 ከመቶ የሆነ በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ይገኛል። ክሎሪን ግን ቆሻሻ ባገኘ ቁጥር ከቆሻሻው ጋር ተዋህዶ ያልቃል፤ ለባክቴሪያው የሚቀረው ጥቂት ነው። ስለሆነም ወለሉ በቅድሚያ በሳሙና ውሃ መጽዳት አለበት። እዚህም ላይ መጭመቂያው ጭቃው ወደ ክሎሪኑ ባልዲ እንዳይሻገር ይከላከላል። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር ማደባለቅ መርዘኛ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ አይገባም።

ክሎሪን ብረትንም ይበላል። ከላሜራ የተበየደ ባልዲ ርካሽና በየከተማው ወርክሾፕ የሚሠራ ቢሆንም ብየዳው ላይ ቶሎ ይዝጋል፤ አሉሚኒየምም አይቋቋመውም። የማይዝግ ብረት የተሻለ ቢሆንም ውድ ነው። ፕላስቲክ አይዝግም፤ ዳሩ ግን በፀሐይ ብርሃን ውሎ ካደረ ይሰነጠቃልና በጥላ መቀመጥ ይኖርበታል።

ለተማሪዎች የቀረበ ጥያቄ

እንግዲህ በአምበርና በመሰል ከተሞች ላሉ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የሚስማማው መሣሪያ ምን ዓይነት ነው? እስካሁን ከተመለከትነው ተነሥተን ብንመርጥ፣ ቀለማቸው የተለያየ ሁለት የፕላስቲክ ባልዲዎች፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር ባለ ቅምብቢት መጭመቂያና ጀርባን የማያጎብጥ ረጅም ዘንግ ያለው መወልወያ ዋጋውም ጥገናውም የሚቻል ይመስላል። ይህ ግን በሙከራ መረጋገጥ ያለበት ነው። መወልወያውን ከመጭመቅ በፊትና በኋላ በሚዛን መመዘን፣ ቅምብቢቱ የሚያዘነብልበትን ማዕዘን እየለዋወጡ የሚቀረውን ውሃ መመዝገብ፣ ባልዲው የሚገለበጥበትን ኃይል መለካት በየትኛውም የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚቻል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሚዛን፣ ማስመሪያና ማስታወሻ ደብተር ብቻ ነው። ውጤቱ የሚመለከታቸው ደግሞ በየማለዳው ከሁላችን ቀድመው ገብተው ወለሉን የሚያጸዱት ሰዎች ናቸው፤ ጀርባቸውና እጃቸው በመሣሪያው ጥሩነት ላይ የተመሠረተ ነውና።