በጌዴኦ ዞን አነስተኛ ድረ ገጽ ያላቸው ተቋማት የሰርቨር አከራይ ሲመርጡ ሊያጤኗቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ዲላ፦ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም በሪያድ በተካሄደው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባዔ በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ስለ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ ትክል ድንጋዮች፣ እንሰትን ከቡናና ከአገር በቀል ዛፎች ጋር አነባብሮ ስለሚያለማው የዞኑ ጥምር ግብርና ለማወቅ የሚሻ የውጭ ጎብኚ ጉዞውን የሚጀምረው ከዲላ መናኸሪያ ሳይሆን ከኮምፒውተር ፊት ነው። የይርጋጨፌ ቡና ገዥም ቢሆን ናሙና ከመጠየቁ በፊት የአቅራቢውን ድረ ገጽ መመልከቱ የተለመደ ነው። ገጹ ካልተከፈተለት ደግሞ ምክንያቱን ጽፎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ወደሚቀጥለው ስም ያልፋል።

በዚህም ምክንያት ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ለአንድ ሆቴል ወይም ለአንድ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ሰርቨር መምረጥ የንግድና የአስተዳደር ውሳኔ ሆኗል። በተግባር ግን ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ የሚተወው ገጹን ለሠራው ወጣት ባለሙያ ነው። ባለሙያው ሥራ ሲለቅ ደግሞ ሰርቨሩ የት እንዳለና ክፍያው መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቅ ሰው ላይገኝ ይችላል።

ሰርቨር ማለት ድረ ገጹን ይዞ ሌት ተቀን ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። በርካታ ድረ ገጾች በጋራ የሚቀመጡበት ርካሽ አገልግሎት፣ ብዙ ተከራዮች በአንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ቧንቧ ከሚጠቀሙበት ኑሮ ጋር ይመሳሰላል፤ አንዱ ውኃውን ሲያበዛ ሌላው ይቸገራል። ቨርቹዋል ሰርቨር በአንጻሩ እንደ ኮንዶሚኒየም ቤት ነው። ሕንፃው የጋራ ቢሆንም እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ በርና የራሱ ቆጣሪ አለው። አንድ ትልቅ ኮምፒውተር በሶፍትዌር ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተወሰነ የማስታወሻና የማቀነባበሪያ አቅም ይመደብለታል። ጽሑፍና ፎቶግራፍ ብቻ ለሚያሳይ አነስተኛ ገጽ 1 ወይም 2 ጊጋባይት ማስታወሻ በአብዛኛው ይበቃል፤ የደራሮ በዓል ሲቃረብ የጎብኚው ቁጥር ቢጨምር አቅሙን ለጊዜው ከፍ አድርጎ በኋላ መቀነስ ይቻላል። ስለዚህ በማሽኑ ግዝፈት ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም።

ዋናው ጥያቄ ያንን ሰርቨር ማን ይጠብቀዋል የሚለው ነው። ጥበቃ የሌለው ቨርቹዋል ሰርቨር በወር ከ5 እስከ 10 የአሜሪካ ዶላር ሊገኝ ሲችል፣ አከራዩ ራሱ የሚያስተዳድረው ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ልዩነቱ የሰው ጉልበት ዋጋ ነው። ርካሹን የሚከራይ ተቋም የደኅንነት ማሻሻያዎችን የሚጭን፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝና ገጹ ሌሊት ሲቋረጥ የሚነሳ የራሱ ባለሙያ ሊኖረው ይገባል። ዲላ ዩኒቨርሲቲ በሚያሠለጥናቸው የኮምፒውተር ምሩቃን ምክንያት ከተማዋ የባለሙያ ድሀ አይደለችም። ሆኖም ለአንድ ባለ አሥር ገጽ ድረ ገጽ ቋሚ የሰርቨር ባለሙያ መቅጠር ለአነስተኛ ተቋም አያዋጣም። አስተዳደሩን ጨምሮ የሚያከራይ ድርጅት ተመራጭ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ይሁንና «እናስተዳድራለን» የሚለው ቃል ከአከራይ አከራይ ይለያያል። አንዳንዱ የሚጠብቀው ማሽኑንና መስመሩን ብቻ ነው። ሌላው ስርዓተ ክወናውን ይጨምራል። ጥቂቶች ደግሞ ገጹ የተሠራበትን እንደ ዎርድፕረስ ያለ ሶፍትዌር ጭምር ያድሳሉ። የዚህ ልዩነት ክብደት በግልጽ የታየው በብዙ ሰርቨሮች ላይ ይሠራ የነበረው ሴንትኦኤስ 7 የተባለው ስርዓተ ክወና ድጋፉ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም በተቋረጠበት ወቅት ነበር። ከዚያን ዕለት በኋላ አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝ ከመደበኛው ምንጭ የሚደፍነው አልነበረም። ወደ አዲስ ስርዓት የማዛወሩ ሥራ የማን ነው፣ ለብቻው ያስከፍላል ወይ የሚለው በውሉ ካልተጻፈ ክርክሩ የሚነሳው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ይሆናል። ስለሆነም አከራዩ የሚያድሰውንና የማያድሰውን በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ መጠየቅ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የመጠባበቂያ ቅጂ ጉዳይ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም በፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ ከተማ የሚገኝ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል በእሳት ወድሟል። ኔትክራፍት የተባለው የኢንተርኔት ጥናት ድርጅት በወቅቱ እንዳመለከተው በአደጋው 3 ነጥብ 6 ሚሊዮን ድረ ገጾች ተቋርጠዋል። ብዙዎቹ በቀናት ውስጥ ሲመለሱ፣ መረጃቸውን ለዘለዓለም ያጡም ነበሩ። በኋላ ለፈረንሳይ የንግድ ፍርድ ቤት ከቀረቡት ክሶች በአንደኛው፣ ደንበኛው ለመጠባበቂያ አገልግሎት ከፍሎ ሳለ ቅጂው የተቀመጠው ከዋናው ሰርቨር ጋር በአንድ ሕንፃ ውስጥ እንደነበር ተረጋግጦ ኩባንያው ከ100 ሺህ ዩሮ በላይ ካሳ እንዲከፍል እ.ኤ.አ በ2023 ተወስኖበታል።

ካሳ የማግኘት ዕድል ለአንድ የይርጋጨፌ ወይም የኮቸሬ ማኅበር ሩቅ ነው፤ ለጥቂት ዶላር ኪራይ ባሕር ማዶ ተሻግሮ የሚከራከር የለም። ስለዚህ ቅጂው በሌላ ከተማ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ ከዚያም ሌላ አንድ ቅጂ በየወሩ ወደ ተቋሙ ጽሕፈት ቤት አውርዶ መያዝ ያስፈልጋል። ቅጂ አለ መባሉም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የዓመት ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ለአንድ ወር ብቻ ተከራይቶ ገጹን ሆን ብሎ ከቅጂው ማስመለስ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅም መመዝገብ ከማናቸውም ማስታወቂያ የበለጠ ያስረዳል። በዚያው ወር በቅዳሜ ሌሊት ወይም በበዓል ቀን ለአከራዩ ጥያቄ ልኮ መልሱ መቼ እንደሚመጣ ማየትም ጠቃሚ ነው።

አከራዮች «99 ነጥብ 9 በመቶ አገልግሎታችን አይቋረጥም» ማለትን ያዘወትራሉ። ይህ አኃዝ ሲሰላ በዓመት ወደ 9 ሰዓት የሚጠጋ መቋረጥን ይፈቅዳል። 99 ነጥብ 5 በመቶ ከሆነ ደግሞ 44 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ቃሉ ሲፈርስ የሚመለሰው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የወር ኪራዩን ከፊል ብቻ እንጂ የጠፋውን ገዥ አይደለም።

የክፍያው ነገር ለአገር ውስጥ ተቋማት የተለየ ፈተና አለው። የወር ኪራዩ 30 ዶላር የሆነ ሰርቨር በዓመት 360 ዶላር ያስወጣል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት ዶላሩ በባንክ ወደ 57 ብር ስለነበር ይህ ከ20 ሺህ 500 ብር ብዙ አይበልጥም ነበር። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ተመኑ ከ130 ብር በማለፉ ያው ኪራይ ከ46 ሺህ 800 ብር በላይ ሆኗል። የመጀመሪያውን ዓመት በቅናሽ ሰጥተው በእድሳት ጊዜ ዋጋውን እጥፍ የሚያደርጉ አከራዮች መኖራቸው ሲታሰብ፣ በጀት ሊያዝ የሚገባው በእድሳቱ ዋጋ ነው።

በብር የሚከፈልበት አማራጭም አለ። ኢትዮ ቴሌኮም «ቴሌክላውድ» በሚል ስያሜ የሰርቨር ኪራይ ያቀርባል፤ በአዲስ አበባ የአይሲቲ ፓርክ ውስጥም እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የግል የመረጃ ማዕከላት ተከፍተዋል። ምርጫው አንባቢው የት ነው በሚለው ላይ ሊመሠረት ይገባል። የገጹ ተጠቃሚ ተማሪው፣ ነዋሪውና የወረዳው ሠራተኛ ከሆነ የአገር ውስጥ ሰርቨር ይቀርበዋል። አንባቢው የአውሮፓ ቡና ቆይ ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩ በዚያው አቅራቢያ ቢሆን ገጹ ቶሎ ይከፈትለታል፤ በአገር ውስጥ የመስመር ብልሽት ቢደርስም አይቋረጥበትም። ሰርቨሩን በጽሕፈት ቤቱ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ግን ከኤሌክትሪክ መቆራረጥ አንጻር የሚመከር አይደለም።

እዚህ ላይ ሕጉም ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን ለመከላከል እ.ኤ.አ በ2023 ያወጣውና የተፈጻሚነት ጊዜው ከአንድ ጊዜ በላይ የተራዘመው ደንብ፣ ቡናው የበቀለበት ማሳ የሚገኝበትን ቦታ ማሳወቅን ይጠይቃል። ማኅበራት የአባል ገበሬዎችን ስምና የማሳ መገኛ ከድረ ገጹ ጋር በአንድ ሰርቨር ማስቀመጥ ሲጀምሩ ጉዳዩ ማስታወቂያ ከመለጠፍ ያልፋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ በሚሰበስቡ አካላት ላይ ግዴታዎችን ጥሏል፤ መረጃው ከአገር ሲወጣ መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎችም ደንግጓል። የገበሬውን መዝገብ ለሕዝብ ከተከፈተው ገጽ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ቦታውንም ከመምረጥ በፊት የሕግ ምክር መጠየቅ ተገቢ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ያለው ገጽ ሌላም ነገር ይጠይቃል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከተካተተ ከእ.ኤ.አ 1999 ጀምሮ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ የመረጃ ቋቱ ዩቲኤፍ-8 በተሰኘው አጻጻፍ ካልተዘጋጀ ጽሑፉ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወር ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለወጥ ይችላል። አንዴ በዚያ መልክ ከተቀመጠ ከቅጂ በስተቀር መመለሻ የለውም። ገጹን ደኅንነቱ የተጠበቀ ለማድረግ የሚያስፈልገው የምስክር ወረቀት ግን ሌትስ ኢንክሪፕት በተባለው ተቋም በነጻ የሚሰጥ በመሆኑ ለአነስተኛ ገጽ ለብቻው ገንዘብ ማውጣት አያሻም።

የድረ ገጹን ስም በተመለከተ ጌዴኦ ለባለቤትነት እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ «ይርጋጨፌ» የሚለውን የቡና ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተከራክራ፣ በ1999 ዓ.ም ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ መድረሷ ይታወቃል። ያም ሆኖ በርካታ ተቋማት ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ባለመያዛቸው የድረ ገጽ ስማቸውን ውጭ አገር ባለ ዘመድ ወይም በባለሙያው የግል ስም ያስመዘግባሉ። በዚህ ሁኔታ የስሙ ሕጋዊ ባለቤት ካርዱን የያዘው ሰው ይሆናል። ስሙ በተቋሙ መጠሪያና በተቋሙ የኢሜይል አድራሻ መመዝገብ አለበት፤ ከተቻለም ከሰርቨር አከራዩ በተለየ ድርጅት ዘንድ። ስሙና ሰርቨሩ በአንድ እጅ ከሆኑ ቅር ያለው ደንበኛ መልቀቅ ይቸግረዋል።

ወደ አዲስ ሰርቨር የመዛወሩን ጊዜ መምረጥም ያስፈልጋል። የቡና ለቀማው ከሚደራበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ካለው ጊዜና ገዥዎች ናሙና ከሚጠይቁባቸው ተከታይ ወራት ይልቅ ክረምቱ ይሻላል። የስም ለውጡ በዓለም ዙሪያ እስኪዳረስ ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ሁለት ቀን ስለሚወስድ፣ የቀድሞው ሰርቨር ኪራይ ወዲያው ሳይቋረጥ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት እንዲቀጥል ይመከራል።