ዋና ዳኛ ምን ማዘዝ ይችላል?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመ። ቦታውን የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን አብዛኛው ሥራቸው ከችሎት ውጭ ነበር። ለሕገ መንግሥት ኮሚሽን በሕግ አማካሪነት ሠርተዋል፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን በመመሥረትና በመምራትም ይታወቃሉ።

ለዓመታት ችሎት ያልተቀመጠ ሰው እንዴት የዳኞች አለቃ ይሆናል? መልሱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 ይገኛል። ሌሎች የፌዴራል ዳኞችን የሚመርጠው የዳኞች አስተዳደር ጉባዔ ነው። ፕሬዚዳንቱንና ምክትሉን ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል። ስለዚህ ከፍተኛው መንበር በዳኝነት እርከን ለወጡ ብቻ የተከለለ አይደለም።

ሹመቱ ከተፈጸመ በኋላ ሥልጣኑ ጠባብ መሆኑ ይታያል። በአንቀጽ 79 መሠረት ዳኛ ከሕግ በስተቀር በማንም አይመራም። ፕሬዚዳንቱ የበታች ዳኛን «እንዲህ ፍረድ» ማለት አይችልም። ተጽዕኖው በሌሎች መንገዶች ያልፋል። አንዱ የዳኞችን ምርጫና ዲሲፕሊን የሚያየውን ጉባዔ መምራት ነው። ሌላው የፍርድ ቤቶቹን በጀት በቀጥታ ለምክር ቤቱ ማቅረብ ነው። ሦስተኛው በዚያው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለው ሰበር ሰሚ ችሎት ነው፤ ይህ ችሎት በመጨረሻ ውሳኔ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን ይመረምራል፤ የሚሰጠው የሕግ ትርጉምም የክልል ፍርድ ቤቶችን ጭምር ያስገድዳል።

ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም የመጨረሻ ሥልጣን ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሚሰበስበው 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ የውሳኔ ሐሳብ ብቻ ያቀርባል። በ2012 ዓ.ም. አገራዊው ምርጫ በኮቪድ ምክንያት ሲራዘም የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ ተነሣ፤ ወይዘሮ መዓዛ የሚመሩት አጣሪ ጉባዔ የባለሙያዎችን አስተያየት በአደባባይ ሰማ፤ ሰኔ 3 ቀን በጉዳዩ ላይ የወሰነው ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

በእሳቸው ዘመን፣ በ2013 ዓ.ም.፣ የፍርድ ቤቶቹን አሠራር የሚወስኑት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234 እና የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ 1233 ወጡ። ወይዘሮ መዓዛ ጥር 2015 ዓ.ም. በራሳቸው ጥያቄ ኃላፊነታቸውን ለቀቁ፤ አዋጆቹ ግን ከእሳቸው በኋላም ሥራ ላይ ቆዩ። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ፣ የፕሬዚዳንት ዘመን በፍርዶች ብዛት ሳይሆን ተተኪው በሚረከበው አሠራር መመዘን እንዳለበት ነው። ያም አሠራር ቢሆን ሙሉ በሙሉ በፍርድ ቤቱ እጅ አይደለም፤ አዋጆቹን የሚያወጣውም የሚያሻሽለውም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነውና።