ሴፍቲኔት ብር ይከፍላል፤ እህሉስ ከየት ይመጣል?

በአዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚኖር ችግረኛ ቤተሰብ ከእህል በረንዳ የሚርቀው ጥቂት የእግር መንገድ ብቻ ነው። ከጎጃም፣ ከምንጃርና ከአድአ ጤፍ የጫኑ መኪናዎች እዚያ ያራግፋሉ። ከማዳበሪያ የፈሰሰውን እህል ጠርገውና አበጥረው የሚወስዱ እናቶችም ከአካባቢው አይጠፉም። ከሀገሪቱ ታላላቅ የእህል ገበያዎች በአንዱ ደጃፍ እየኖሩ ለዕለት ጉርስ መቸገር እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ምክንያቱን ለመረዳት መንግሥት ለከተማ ችግረኞች የሚሰጠው ድጋፍ በምን መልክ እንደሚደርስ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚደርሰው በአመዛኙ እህል ሳይኾን ብር ነውና።

በአሜሪካ መንግሥት ከአምራቾች የሚገዛው ምግብ "የምግብ ባንክ" በሚባሉ መጋዘኖች በኩል ለችግረኞች በነጻ ይታደላል። በእኛ ከተሞች እንዲህ ያለ አሠራር አልተለመደም። የእሱን ቦታ ከያዙት መካከል ዋነኛው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው።

መርሐ ግብሩ በ2009 ዓ.ም በ11 ከተሞች ተጀመረ። ከአዲስ አበባ ሌላ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ፣ ድሬዳዋና ሐረር ይገኙበታል፤ ከአማራ ክልል የተካተተችው ደሴ ነበረች። የተመደበው በጀት 450 ሚሊዮን ዶላር ሲኾን 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፣ ቀሪው ከመንግሥት የተገኘ ነው። የታቀደው 604 ሺህ ሰዎችን ለመድረስ ነበር። ከእነዚህም 84 በመቶ የሚኾኑት ጎዳና በማጽዳት፣ ቦይ በመጥረግና አረንጓዴ ቦታ በመንከባከብ ሠርተው ይከፈላቸዋል። የተቀሩት አረጋውያን፣ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ ግዴታ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ሠራተኞቹ ከክፍያቸው 20 በመቶውን እንዲቆጥቡ ይደረጋል። ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ለራሳቸው ሥራ መነሻ የሚኾን ገንዘብ ተሰጥቷቸው ይመረቃሉ። በ2013 ዓ.ም የተጀመረው ሁለተኛው ምዕራፍ መርሐ ግብሩን ወደ 83 ከተሞች አስፍቶታል።

የገጠሩ ልማታዊ ሴፍቲኔት ከዚህ ቀደም ብሎ በ1997 ዓ.ም የተጀመረ ነው። በወሎ፣ በዋግ ኽምራና በሌሎች የምግብ እጥረት ባለባቸው ወረዳዎች የሚኖሩ አንባቢዎቻችን በሚገባ ያውቁታል። እዚያም ቢኾን በተቻለ መጠን ጥሬ ገንዘብን የማስቀደም መርሕ አለ። ይኹን እንጂ እህል በሚታደልበት ጊዜ ልኩ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ነው። አምስት አባላት ላሉት ቤተሰብ 75 ኪሎ እህልና 20 ኪሎ ጥራጥሬ ይኾናል ማለት ነው። በገበያው የስንዴ ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም 75 ኪሎ ያው 75 ኪሎ ነው።

በተክለ ሃይማኖት ግን ስሌቱ ይለያል። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤተሰብ በወር 3 ሺህ ብር ያገኛል እንበል። ጤፍ በኪሎ 100 ብር በሚሸጥበት ወቅት በዚህ ገንዘብ 30 ኪሎ ይገዛል። ዋጋው 150 ብር ሲደርስ 20 ኪሎ ብቻ ይገዛል። ከክፍያው አንድ ሳንቲም ሳይቀነስ የቤተሰቡ ቀለብ በሲሶ ቀነሰ ማለት ነው። የወፍጮው፣ የዘይቱና የበርበሬው ዋጋ ገና አልተቆጠረም። የክፍያ ማሻሻያ የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ የእህል በረንዳ ዋጋ ግን በየሳምንቱ ይለዋወጣል። በዚህ ጸሐፊ እምነት የከተማ ሴፍቲኔት ትልቁ ድክመት ይህ ነው። የክፍያውን መጠን ከእህል ዋጋ ጋር አያይዞ በየጊዜው መከለስ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ሊኾን ይገባው ነበር።

ታዲያ መንግሥት ለምን እህሉን ራሱን አይሰጥም? በከተማ ገበያው ቅርብ ነው፤ ብር በባንክ ሒሳብ ሲገባ የመጋዘንና የማጓጓዣ ወጪ ይቀራል፤ ቤተሰቡም የሚያስፈልገውን መርጦ ይገዛል። እህል ደግሞ የራሱ ችግር አለው። በሰኔ 2015 ዓ.ም የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የርዳታ እህል ለታለመለት ወገን አልደረሰም በማለት በመላ ሀገሪቱ ሥርጭት አቋርጠው ነበር። ብር በዋጋ ንረት ያልቃል፤ እህል በመንገድ ላይ ይጎድላል።

ሌላው ምክንያት ያለፈው ታሪክ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የኾናቸው የመርካቶ ነዋሪዎች የቀበሌ ሱቅ ሰልፍን አይረሱትም። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መንግሥት በወሰነው ዋጋ ከአርሶ አደሩ በኮታ እህል እየገዛ ለከተማ ቀበሌዎች ያከፋፍል ነበር። የከተማው ሰው በርካሽ አገኘ፤ ልዩነቱን የሸፈነው ግን የጎጃም፣ የአርሲና የሸዋ ገበሬ ነበር። ምርቱ ሳይደርስለት ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበ ገበሬም አለ። አሠራሩ በየካቲት 1982 ዓ.ም ከታወጀው የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ጋር ቀረ። በጥር 1998 ዓ.ም ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ሲታገድም የታሰበው የሀገር ውስጥ ዋጋን ማረጋጋት ነበር። ዕዳው የወደቀው በማን ላይ እንደኾነ ጤፍ አምራቹ አያጣውም። ድጋፉ በብር ሲሰጥ ቢያንስ የመንግሥት በጀት እንጂ የገበሬው ኪስ አይነካም፤ ችግረኛውም ጤፉን የሚገዛው በገበያ ዋጋ ነው።

ከብሩ ውጭ የበሰለ ምግብ የሚገኝባቸው መንገዶችም አሉ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ቁርስና ምሳ ይመገባሉ። ልጅ ላለው ቤተሰብ ይህ ከማንኛውም ድጋፍ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይኾንም፤ ዳቦ ቢወደድም ልጁ ከትምህርት ቤት ባዶ ሆዱን አይመለስም። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ "ተስፋ ብርሃን" በሚል ስያሜ የተከፈቱ የምገባ ማዕከላት ለአቅመ ደካሞች በቀን አንድ ጊዜ በነጻ ያበላሉ። በ2012 ዓ.ም የተመረቀው የሸገር ዳቦ ፋብሪካ በሰዓት 80 ሺህ ዳቦ እንዲያመርት ታስቦ የተሠራ ሲኾን፣ ዳቦው ከገበያ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ዘይትና ስኳር በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ይቀርባሉ፤ ሲመጡ በሰልፍ ነው፣ የሚመጡበትን ቀን ግን ማንም በርግጠኝነት አይነግርዎትም። ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የኾነ ሰው መጨረሻው ከሆቴል የተራረፈ ምግብ፣ በመርካቶ አጠራር "ቡሌ" ገዝቶ መብላት ነው።

ከድጋፉ ውጭ የሚኾነው ማን ነው? ምልመላው የሚካሄደው በወረዳና በቀጠና ኮሚቴ ነው። የቤተሰቡ አኗኗር ይታያል፣ ስም ዝርዝሩም ለነዋሪው ይፋ ይደረጋል። ተዘለልኩ የሚል ሰው ለወረዳው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ይችላል። ማመልከት የሚችለው ግን የነዋሪነት መታወቂያ ያለው ነው። በእህል በረንዳ ኩንታል የሚሸከሙት ጫኝና አውራጅ ወጣቶች ብዙዎቹ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌሎች ገጠሮች የመጡ ናቸው። በአዳር ኪራይ ይተኛሉ፤ በማንም የቤተሰብ ቅጽ ላይ አልተመዘገቡም። ያደጉበት ቀዬ ያመረተውን ጤፍ በጀርባቸው ያወርዳሉ፤ ሲታመሙ ወይም ሥራ ሲጠፋ ግን የከተማው ሴፍቲኔት አያውቃቸውም፣ የገጠሩም ከመዝገቡ አውጥቷቸዋል።

ልጁን ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የሚልክ ቤተሰብ ቢያንስ ከቀበሌው መሸኛ አስይዞ ሊልከው ይገባል። ያለ መሸኛ የአዲስ አበባ ወረዳ የነዋሪነት መታወቂያ አይሰጥም። ወጣቱ መሸኛውን ይዞ ከደረሰ በኋላም በቤቱ ቅጽ የሚያስመዘግበው አከራይ ወይም ዘመድ ማግኘት ይኖርበታል፤ አስቸጋሪውም ይኸኛው ነው።